በታኮማ ፓርክ የሰፈራችሁን የመንገድና የመናፈሻ ጥያቄ ለከተማው ምክር ቤት እንዴት ታቀርባላችሁ?

እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች ሰሞን የልጄን ጋሪ እየገፋች ወደ ስላይጎ ክሪክ መውረድ ትወድ ነበር። ከቤታችን እስከ ወንዙ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ችግሩ ግማሹ መንገድ ላይ የእግረኛ መሄጃ የለም። ያለው አማራጭ የአስፋልቱን ዳር ይዞ መሄድ ነው። አንድ ጠዋት አንድ መኪና ጋሪውን ሊነካው ትንሽ ሲቀረው አለፈ። እናቴ ቤት ስትገባ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሕፃኑን ይዛ ብቻዋን አልወጣችም።

እኔም በዚያው ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። «እናየዋለን» አሉኝ። በወሩ ደወልኩ፤ አሁንም «እናየዋለን»። በሦስተኛው ወር አንዲት ሠራተኛ ስልኩን አነሳችና «ይህ መንገድ እኮ የእኛ አይደለም» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በትክክለኛው ቦታ ስጠይቅ ደግሞ የዓመቱ በጀት ጸድቆ አለቀ።

ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ያንን ጊዜ እንዳያባክን ነው። የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የመንገድና የመናፈሻ ውሳኔ የሚወሰነው ብዙዎቻችን ከምናስበው ቦታ ሌላ ቦታ ነው፤ ከምናስበው ጊዜም ቀድሞ ነው። ቦታውንና ጊዜውን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የምናገረው ስለ ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። በ2020ው ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 17,600 ያህል ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት አሏት፤ እያንዳንዱ አባል አንድ ዋርድ (የከተማው የምርጫ ክልል) ይወክላል። አስሉት፤ አንድ አባል የሚወክለው ሦስት ሺህ የማይሞላ ሰው ነው። አገር ቤት አንድ ትልቅ ሰፈር ማለት ነው። ኢሜይል ብትልኩ ራሱ ሰውየው ወይም ራሷ ሴትዮዋ ሊያነቡት ይችላሉ። በትልቅ ከተማ ይህ አይገኝም።

መጀመሪያ፦ ከተማው ውስጥ ነን ወይ?

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ይሳሳትበታል። ዲሲ ውስጥ ያለው የታኮማ ሰፈርና ታኮማ ፓርክ የተለያዩ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ስሟ ይግነን እንጂ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት የላትም፤ የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ፖስታችሁ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም የፖስታ ቤት ስም ነው። የከተማው ወሰን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ከተማው ጸሐፊ ቢሮ ደውሉና «ይህ አድራሻ ከተማው ውስጥ ነው? ዋርዴስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ከከተማው ውጭ ከሆናችሁ 311 ደውላችሁ ለካውንቲው ታስመዘግባላችሁ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር እዚያም ይሠራል።

ቀጥሎ፦ መሬቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ እኔን ያሰናከለኝ ይህ ነውና።

አንድ ከተማ ውስጥ ያለ መንገድ ሁሉ የከተማው አይደለም። በታኮማ ፓርክ የሰፈር ውስጥ መንገዶች በአብዛኛው የከተማው ናቸው። ትልልቆቹ ግን የስቴቱ ናቸው፦ ካሮል አቬኑ (መንገድ ቁጥር 195)፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ (650)፣ ፓይኒ ብራንች ሮድ (320)፣ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው 410ም እንዲሁ። መለያው ቀላል ነው፤ መንገዱ የሜሪላንድ ቁጥር ካለው የስቴቱ መሆኑን ጠርጥሩ። እነዚህ ላይ ዜብራ ለማስቀባት፣ መብራት ለማስተከል፣ የፍጥነት ወሰን ለማስቀነስ የሚወስነው የስቴቱ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ነው። የከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ፣ ሊወተውትላችሁ ይችላል። መወሰን ግን አይችልም።

ይህ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከተማው በካሮል አቬኑ ላይ፣ ታኮማ ጃንክሽን በሚባለው ቦታ፣ በራሱ መሬት ላይ ሕንፃ ለማሠራት ለዓመታት ሲያቅድና ሲከራከር ቆይቶ ነበር። ዕቅዱ የጭነት መኪኖች መንገዱ ዳር ቆመው ዕቃ እንዲያራግፉ የሚያስችል ቦታ ይፈልግ ነበር። መንገዱ የስቴቱ ስለሆነ ፈቃዱም የስቴቱ ነው። በ2021 ስቴቱ ያንን ሐሳብ አልተቀበለውም፤ ፕሮጀክቱም ቀረ። ምክር ቤት፣ ከንቲባና ገንዘብ ያለው ከተማ እንኳ የመንገዱን ባለቤት ካላሳመነ አይሆንለትም። እኔና እናንተማ ምን እንሆናለን?

የመናፈሻውም ነገር እንዲሁ ነው። እንደ ስፕሪንግ ፓርክ ያሉ ትንንሽ መናፈሻዎች የከተማው ናቸው። ስላይጎ ክሪክን ተከትሎ የሚሄደው የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ አጠገቡ ያለው የመኪና መንገድ (ፓርክዌዩ)ም ጭምር፣ የሞንትጎመሪ ፓርክስ ማለትም የካውንቲው የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የፓርክዌዩን የተወሰነ ክፍል ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚከፍተውም እሱ ነው። እዚያ የወደቀ ዛፍ፣ የተሰነጠቀ አስፋልት ወይም የተሰበረ ድልድይ ካያችሁ ለከተማው መንገር ጊዜ ማባከን ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ለከተማው የሕዝብ ሥራዎች ክፍል ይህችን አንዲት ጥያቄ በኢሜይል ላኩ፦ «ከዚህ መስቀለኛ እስከዚያ መስቀለኛ ያለው መንገድ የማን ነው?» መልሱን በጽሑፍ አስቀሩ። በስልክ የተነገረ ነገር ይረሳል፤ ሠራተኛውም ይቀየራል።

ማስረጃችሁን አዘጋጁ

«መንገዱ አደገኛ ነው» የሚል ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። «ማክሰኞ ጠዋት ከ7:30 እስከ 8:30 ቆጠርኩ፤ 41 ሰው በአስፋልቱ ላይ ሄደ፤ ከነዚህ ውስጥ 14ቱ የትምህርት ቤት ቦርሳ የያዙ ልጆች ነበሩ» የሚል ሰው ግን ብዙም አይመጣም። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የጻፍኩት፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጠሩ። ሦስት የተለያዩ ቀናት፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል። አንዱን ቀን ዝናብ ያለበት አድርጉት።

ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ሰው ይኑርበት፤ ዊልቸር፣ የሕፃን ጋሪ፣ ከዘራ የያዘ አዛውንት። ባዶ መንገድ ማንንም አያሳምንም። የሰው ፊት ስታነሱ ግን ፈቃድ ጠይቁ።

ሁለት ነገር ከወዲሁ እወቁ። አንደኛ፣ ዛፍ። በዚህ ከተማ ዛፍ እንደ ዘመድ ነው የሚታየው። የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ በግል ግቢ ውስጥም ቢሆን ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። የእግረኛ መንገድ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው «ሥሩ ይጎዳል» ከሚል ጎረቤት ነው። ተቃውሞው ክፋት አይደለም፤ እውነትም ሥሩ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዛፎቹ የትኛው ወገን እንዳሉ ቀድማችሁ እዩ። ሌላኛውን ወገን መጠየቅ ወይም መንገዱ ዛፉን ዞሮ እንዲያልፍ ሐሳብ ማቅረብ ትችላላችሁ። እኔ የጠየቅኩት ወገን ሁለት ትልልቅ ኦክ ነበሩበት። ይህን የነገሩኝ እዚያው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወገኑን ስቀይር እሳቸው ራሳቸው ፈረሙልኝ።

ሁለተኛ፣ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ። መንገድ እንደገና አስፋልት ሲለብስ፣ የእግረኛ መሄጃው ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ለዊልቸር የሚሆን መውረጃ የመሥራት ግዴታ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ «የእኛ መንገድ አስፋልት የሚለብሰው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው። ከአስፋልቱ ጋር አብሮ የሚሠራ ነገር ለብቻው ከሚሠራው ይቀላል፤ ይረክሳልም።

ጎረቤትን ማሰባሰብ

ለአንዳንድ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የነዋሪዎች ፊርማ ሊጠየቅ ይችላል። ቅጹንና የሚፈለገውን የፊርማ ብዛት ከከተማው ውሰዱ። በራሳችሁ ወረቀት የሰበሰባችሁት ላይቆጠር ይችላል። ፊርማ ባይጠየቅም ሰብስቡ።

የእኛ ሰው ላይ የማየው አንድ ነገር አለ። ተከራይ ከሆንን «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ምን አገባኝ» እንላለን። አገባን እንጂ! በሜፕል አቬኑ ትልልቅ አፓርታማዎች ውስጥ የሚኖረው ሰው መኪና ከሌለው ከማንም በላይ በእግሩ የሚሄድ እሱ ነው። አፓርታማ ውስጥ ፊርማ ማሰባሰብ ደግሞ ይቀላል፤ አንድ ሊፍት አጠገብ አንድ ምሽት መቆም ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ዓርብ ከስግደት በኋላ የምታገኟቸውን ጎረቤቶች አትርሱ። ግን እያንዳንዱ ፈራሚ አድራሻው ሰፈሩ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። ከሌላ ዋርድ በመጡ ስሞች የተሞላ ዝርዝር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ጊዜው፦ ከሐምሌ ወደ ኋላ ቁጠሩ

የከተማው በጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። አገር ቤት በጀት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር ለምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም፤ ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ሳምንት ነው። የከተማው ሥራ አስኪያጅ የበጀት ረቂቁን ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው በኤፕሪል ነው። ከዚያ የሕዝብ ውይይት ይደረጋል፤ ሜይ ላይ ይጸድቃል።

ብዙ ሰው የሚመጣው ሜይ ላይ ነው። ያኔ ረቂቁ ተጽፎ አልቋል። የእናንተን 200 ጫማ የእግረኛ መንገድ ለማስገባት የሌላ ሰው ነገር መውጣት አለበት። ጥሩው ጊዜ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ነው። ያኔ የምክር ቤት አባላችሁን ቡና ጋብዙ። እውነቴን ነው፤ «መንገዱን አብረን በእግር እንሂድ» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። በእግሩ አብሯችሁ የሄደ ሰው ነገሩን አይረሳውም።

ደጅ መጥናት ያደግንበት ነገር ነው። ሰው ፊት መቆም፣ አማላጅ መላክ፣ መለመን። እዚህ ግን ከአማላጅ ይልቅ ቀን መቁጠሪያው ይረዳችኋል።

የረቡዕ ምሽት

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ረቡዕ ምሽት ነው። አጀንዳው አስቀድሞ በከተማው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። የሕዝብ አስተያየት ላይ ለመናገር ትመዘገባላችሁ፤ ደቂቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሦስት ደቂቃ እንደተሰጣችሁ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ከቀናት በፊት ለከተማው ጸሐፊ ጠይቁ። በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነ ጊዜው እንዴት እንደሚቆጠርላችሁ ያኔውኑ ጠይቁ፤ ንግግሩ እጥፍ ይፈጃልና።

ማታ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ፤ አውቃለሁ። በጽሑፍ ላኩት። የተጻፈ አስተያየት መዝገብ ላይ ይገባል።

ንግግሩን እንዲህ አድርጉት፦

«ስሜ እገሌ ነው፤ በዋርድ አምስት ነው የምኖረው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ መንገድ እስከዚያ መንገድ በሰሜን በኩል የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ ለሚቀጥለው በጀት የጥናት ገንዘብ እንዲያዝ። ሦስት ቀን ቆጥረናል፤ ቁጥሩ ይኸው። የጎረቤቶቼን ፊርማ አያይዣለሁ። በሰሜን በኩል ትልቅ ዛፍ የለም። ይህ በየትኛው ስብሰባ አጀንዳ ላይ ሊገባ እንደሚችል እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።»

ልብ በሉ፤ የጠየቅነው የጥናት ገንዘብ ነው። ትንሽ ከተማ በአንድ ምሽት መንገድ አይሠራም። መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ ንድፍ፣ ከዚያ ግንባታ ነው የሚመጣው። መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ ደግሞ ቀን ትጠይቃለች። ቀን ያልተሰጠው ነገር ይንሳፈፋል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው አሳድገውናል። ለዚህ ምሽት ግን ሌላኛው አባባል ይሻላል፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ዜጋ ባትሆኑም ትመርጣላችሁ

ይህን ብዙ የእኛ ሰው አያውቅም። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ እንዲመርጡ ፈቅዳለች። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸውም ይመርጣሉ፤ ይህን በማድረግ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚቀጥለው ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው።

አሁን በጥንቃቄ አንብቡ። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በከተማው ጸሐፊ በኩል፣ በከተማው ቅጽ ብቻ ነው። የስቴቱን የመራጭ መመዝገቢያ ቅጽ በፍጹም እንዳትሞሉ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለመምረጥ ልመዝግብህ?» ብለው ቢጠይቋችሁ መልሱ «አይ» ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በስቴትና በፌዴራል ምርጫ መመዝገብ ወይም መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስወጣም ይችላል። የከተማውን ምዝገባ ወረቀት ቅጂ ያዙ። ለዜግነት ስታመለክቱ ስለ ምርጫ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ፤ እሱን ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። መብቱ እውነተኛ ነው፤ መንገዱን ብቻ አትሳቱ።

ሦስት ሺህ ሰው በማይሞላበት ዋርድ ውስጥ የአንድ አፓርታማ ሕንፃ ድምፅ ብዙ ነው። የምክር ቤት አባላቱም ይህን ያውቃሉ።

መልስ ካልመጣ

ሁለት ሳምንት ጠብቁና በአጭር ኢሜይል አስታውሱ። ቁጣ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ኢሜይል ከሥሩ አያይዙ፤ ቀኑ ራሱ ይናገራል።

«ጥናት እየተደረገ ነው» ተብላችሁ ጥናቱን ማየት ከፈለጋችሁ የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ አለላችሁ። ማንም ሰው፣ ዜጋ ቢሆን ባይሆን፣ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ጥያቄውን መቀበል ወይም መከልከል አለበት፤ ለፍለጋው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ክፍያ አይጠይቅም። ጥያቄያችሁን አጥብቡት። «ስለ መንገዱ ያለውን ሁሉ» ካላችሁ የሚፈልገውም ሰው ይቸገራል፤ ክፍያም ይመጣል። «ከ2022 ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ የተደረገ የትራፊክ ቆጠራ» በሉ።

ንድፉ ሲመጣ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ተሳካ» ብሎ ይተኛል። አትተኙ። ንድፉ ለነዋሪው ሲታይ ወረቀቱን ይዛችሁ መንገዱ ላይ ውጡ፤ በወረቀት ላይ የማይታይ ነገር አለ። እኔ የልጄን ጋሪ ይዤ ወጣሁ፤ ሜትር ደግሞ በኪሴ። በንድፉ መሠረት አንድ ቦታ ላይ የመብራት ምሰሶ የእግረኛ መንገዱ መሃል ይገባል። በምሰሶውና በአጥሩ መካከል የቀረው ክፍተት 26 ኢንች ነበር። ጋሪው አላለፈም። ጋሪው እንደተሰነቀረ ፎቶ አንስቼ፣ ሜትሩን ከጎኑ ይዤ፣ በዚያው ቀን ለመሐንዲሱ ላክሁለት። በሚቀጥለው ንድፍ ላይ መንገዱ ምሰሶውን በግራ በኩል ዞሮታል።